ባለቤቴ ስለ ሰማይ ሲያስብ ቤታችን ተረሳ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር የማነብ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ አነስተኛ ጋራዥ አለው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ትዳራችን ሰላም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ድንገት ካረፈ ወዲህ ግን ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነብኝ። መጸለዩንና መጾሙን አልጠላሁም፤ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ግን ጋራዡን በአቦም፣ በሥላሴም፣ በኪዳነ ምሕረትም፣ በገብርኤልም ይዘጋል። አብረውት የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች የሚከፈላቸው በሠሩበት ቀን ነው። የኮንዶሚኒየማችን የባንክ ክፍያ 2 ወር አልፎታል። ጓደኞቼ ሁሉ ሴራሚክና ጂፕሰም አሠርተው ገብተዋል፤ እኛ ብቻ ባዶ ግድግዳ ውስጥ ቀረን።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ባለፈው ወር የመድኃኒቷን ብር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሰጠው። ስጠይቀው ‹ይህ ዓለም ኃላፊ ነው፤ መዝገባችንን በሰማይ እንሰብስብ› አለኝ። እኔም በንዴት ‹እንግዲያው ሰማይ ላይ ቤት ተከራይልን› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም። ልጄ ‹እማዬ፣ አባዬ ትቶን ገዳም ሊገባ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። በመንግሥተ ሰማያት አምናለሁ። ግን በዚህ እምነት ቤት የሚመራው እንዴት ነው? ወይስ እምነት የጎደለኝ እኔ ነኝ?»

እኅት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እኅቴ፤

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የእናቷ መድኃኒት፣ የልጆቿ ትምህርት፣ የቤቷ ዕዳ የሚያሳስባት ሴት እምነት ጎደላት አትባልም። ይሄን ጥርጣሬ ከልብሽ አውጪው። ባለቤትሽንም ቢሆን ከሃይማኖት መንገድ የወጣ አድርጌ አላየውም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደረስ ሁለታችሁም የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን ትላላችሁ። ተስፋችሁ አንድ ነው። የተለያያችሁት ይህ ተስፋ ሰኞ ጠዋት ሰውን ምን ያሠራዋል በሚለው ላይ ነው።

በዚህ ላይ የኔን አቋም ልንገርሽ። መንግሥተ ሰማያትን ከልቡ የሚያምን ሰው የዛሬው ሥራው ይከብደዋል እንጂ አይቀለውም። ምክንያቱም በመጨረሻው ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ ተነግሮናል። ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን አውጥተሽ አንብቢው። ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል፣ እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል፣ ታርዤ አልብሳችሁኛል፣ ታምሜ ጠይቃችሁኛል፣ ታስሬ መጥታችኋል ይላል። እንጀራ፣ ውኃ፣ ማደሪያ፣ ልብስ፣ ሕመም፣ እስር ቤት። ሁሉም የዚህ ምድር ጉዳይ ነው። ሁሉም በእጅ የሚሠራ ነው። የሰማይ በር የሚከፈተው በእነዚህ ከሆነ፣ እነዚህን «ኃላፊ ጠፊ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያንቺ እናት ታማ እናንተው ቤት ውስጥ ነው ያለችው። ባለቤትሽ የታመመ ለመጠየቅ ታክሲ መያዝ እንኳ አያስፈልገውም።

የጠቀሰልሽ ቃል እውነት ነው፤ አታጣጥይበት። ብልና ዝገት የማያጠፋው መዝገብ በሰማይ ሰብስቡ ያለው ጌታ ራሱ ነው። ግን ይህ መዝገብ በምን እንደሚሰበሰብም ዝም አላለም። በሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ምጽዋት ስጡ፣ የማይጎድል መዝገብ በሰማይ አድርጉ ይላል። ወደ ሰማይ የሚላከው ብር የሚያልፈው በተቸገረ ሰው እጅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መስጠትም ትልቅ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ስንቱ ደብር በድሃ ሰው ሳንቲም እንደተሠራ ታውቂያለሽ። ያኛው ብር ግን ስም ነበረው፤ የእናትሽ የወር መድኃኒት ነበር።

ማርቆስ ምዕራፍ 7ን አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። በዚያ ዘመን ሰዎች ለአባትና ለእናታቸው መዋል የሚገባውን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ይሉና ወላጆቻቸውን ሳይረዱ ይቀሩ ነበር። በአፍ ሲነገር መንፈሳዊ ይመስላል። ማን ደፍሮ «ለእግዚአብሔር አትስጥ» ይላል? ጌታ ግን አልተቀበለውም። በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ አላቸው፤ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ ማለቱ ነው። እግዚአብሔር ለእናት የተባለውን ድርሻ ለራሱ አልወሰደም። ባለቤትሽ ይሄን ሳይሰማ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ከራሱ ቤት ጋር አላገናኘውም እንጂ።

ምናልባት «የሷ እናት ናት እንጂ የኔ አይደለችም» የሚል ሐሳብ በልቡ ይኖር እንደሆነ አላውቅም። አንቺም አልጻፍሽልኝም። ቢኖር ግን የቅዱስ ጴጥሮስን ቤት ያስታውስ። «እነሆ፥ እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ» ያለው ጴጥሮስ አማቱ ቤቱ ነበሩ። በንዳድ ታመው ተኝተው ነበር። ጌታ እዚያ ቤት ገባ፣ እጃቸውን ይዞ አስነሣቸው። ሁሉን የተወው ሐዋርያ አማቱን አልተወም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ባለቤትሽ እንደሚወደው እገምታለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው አባት ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ ሲሰብክ ልክ ይሄን የእናንተን ጉዳይ አንሥቶ ነበር። የክርስቶስ ማዕድ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ እሱ ራሱ በድሃው አካል ቢራብ ምን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። አስቀድማችሁ የተራበውን አጥግቡ፣ ከዚያ በተረፈው ማዕዱን አስጊጡ አለ። ቤተ ክርስቲያንን አታስጊጡ አላለም፤ እሱንም ደግሞ ተናግሯል። ያስተማረው ቅደም ተከተል ነው። የሰማይን ነገር የሚያምን ቤትም ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ቅደም ተከተልን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጋራዡ ልምጣ።

ከግብፅ ገዳም፣ ከአስቄጥስ አባቶች አንዱ ስለሆኑት ስለ አባ ዮሐንስ ሐጺር የሚነገር ታሪክ አለ። ገና ወጣት ሳሉ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ለወንድማቸው «እንደ መላእክት ያለ ሐሳብ መኖር እፈልጋለሁ። መላእክት አይሠሩም፤ ዘወትር እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ» አሉ። መደረቢያቸውንም አውልቀው ወደ በረሃ ሄዱ። ሳምንት ሲሆናቸው ተመለሱ። በር አንኳኩ። «ማነው?» አለ ወንድማቸው ከውስጥ። «ዮሐንስ ነኝ፤ ወንድምህ።» ወንድማቸውም «ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፤ ከሰው ጋር የለም» አለ። እኔው ነኝ ብለው ቢለምኑም እስኪነጋ አልከፈተላቸውም። ጠዋት በሩን ከፍቶ «አንተ ሰው ነህ፤ ለመብላት ደግሞ መሥራት አለብህ» አላቸው። አባ ዮሐንስ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ቅድስና የመጣው።

ይሄን ታሪክ የምወደው የተነገረው በመነኮሳት መካከል ስለሆነ ነው። ዓለምን የተዉት፣ ስለ ሰማይ ቀን ከሌት የሚያስቡት ሰዎች ናቸው ለመንፈስ ልጆቻቸው ሲነግሩት የኖሩት። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስም በሐሳብ ተጨንቆ ሳለ መልአክ እንዳየ ይነገራል። መልአኩ ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፤ ይነሣና ይጸልያል፤ ደግሞ ተቀምጦ ይጎነጉናል። እንዲህ አድርግ ትድናለህ ተባለ። ጸሎትና የእጅ ሥራ እየተፈራረቁ ማለት ነው። በረሃ ውስጥ ሚስትም ልጅም ዕዳም የሌለበት መነኩሴ ገመድ ከሠራ፣ ሁለት ልጅና አማት ያለበት መካኒክ ቁልፉን ይዞ ቢጎነበስ ከሰማይ ራቀ አይባልም።

ስለ በዓላቱ ከኔ ይልቅ የንስሐ አባታችሁ ቢናገሩ ይሻላል። እኔ የማውቀውን ያህል ልበል። ከወር እስከ ወር ከሥራ ታርፎ እንዲከበሩ አጥብቆ የሚነገርላቸው በዓላት 12፣ 21 እና 29 ናቸው፤ ሰንበት አለ፤ ዓመታዊዎቹ በዓላት አሉ። በቀሩት ቀናት ማለዳ ኪዳን ማድረስ፣ ተሳልሞ ወደ ሥራ መግባት የብዙ ደጋግ ሰዎች ልማድ ነው። መርካቶ ሂጂና እዪ። ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ ሞልቷል።

ደግሞ እነዚያ ሁለት ወጣቶች አሉ። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ነው ያለፍሻቸው። እኔ ግን ከነሱ ላይ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ጋራዡ በተዘጋ ቀን እነሱ አይከፈላቸውም። እነሱም የቤት ኪራይ አለባቸው፤ ምናልባትም ክፍለ ሀገር የሚጠብቃቸው ሰው አለ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ ይጮኻል ይላል። ባለቤትሽ ደመወዝ አልቀማም፤ ያንን አልልም። ነገር ግን ለራሱ ነፍስ ብሎ የዘጋው ቀን ለሌላው ሰው የጾም ቀን ሆኗል፤ ሰውየው ሳይፈቅድ። እንዲህ ያለውን ነገር ረጋ ብለሽ ብትነግሪው የሚገባው ይመስለኛል። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው የጠፋበት።

የዐቢይ ጾምን ሳምንታት አስታውሺ። አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው። ስለ ዓለም መጨረሻና ስለ ጌታ ዳግም መምጣት ይሰበካል። ሰው ሁሉ ልቡ ይርዳል፤ ከቅዳሴ ሲወጣ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። በሚቀጥለው እሑድ ምን ይመጣል? ገብር ኄር። ጌታው ሩቅ አገር ሲሄድ መክሊት የሰጣቸው የሦስቱ አገልጋዮች ታሪክ። አምስት የተቀበለው ነግዶ ሌላ አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት። ሦስተኛው ፈርቶ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ጌታው ሲመለስ «መልካም፥ አንተ በጎ፥ ታማኝም ባሪያ» የተባሉት የሠሩት ናቸው። አባቶቻችን እነዚህን ሁለት እሑዶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጧቸው አውቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ጌታ ይመጣል ብለው አስደንግጠው ወደ ቤት አልሰደዱንም። በሳምንቱ፣ ሲመጣ ምን ስታደርጉ ያግኛችሁ ብለው ጠየቁን። ባለቤትሽ ደብረ ዘይት ላይ ቆሞ የቀረ ይመስለኛል።

ለምን እዚያ ቆመ? ወደ ዋናው ነገር እየመጣሁ ነው።

«ታላቅ ወንድሙ ድንገት ካረፈ ወዲህ» ብለሽ ጽፈሻል። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ የምታዪው በሃይማኖት የጠነከረ ባል ነው። እኔ የሚታየኝ ሐዘኑን ያልጨረሰ ወንድም ነው። ወንዶቻችን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እድርተኛ ያስተናግዳሉ፣ ሬሳ ይሸከማሉ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ «በርታ፣ አንተ ወንድ ነህ» ይባላሉ። የ40 ቀን ተዝካር ሲወጣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሙ የሚጠይቀው የለም። ሰው ድንገት ሲሞት ደግሞ የቀረው ሰው ውስጥ ፍርሃት ይገባል። እኔስ ነገ ብጠራ? ምን ይዤ እሄዳለሁ? ያንን ፍርሃት የሚያስታግሠው በመስጠትና በመቆም ይመስለኛል። ብሩ በእጁ ሲቆይ ያቃጥለዋል፤ ሲሰጥ ትንሽ ያርፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርሃቱ ይመለሳል።

ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በተሰሎንቄ የነበሩ ክርስቲያኖች ልክ ይሄው ገጥሟቸው ነበር። ከመካከላቸው ሰዎች ሞቱባቸው፤ ጌታ ሳይመጣ የሞቱት ወገኖቻችን ምን ይሆናሉ ብለው ተጨነቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ ብሎ ጻፈላቸው። አትዘኑ አላላቸውም። በዚያው መልእክት፣ በዚያው ምዕራፍ፣ ከዚህ ቃል ጥቂት መስመር ቀደም ብሎ ደግሞ በጸጥታ ኑሩ፣ የራሳችሁን ጉዳይ ጠንቅቁ፣ በእጃችሁ ሥሩ ብሏቸዋል። በሁለተኛው መልእክቱ ከመካከላቸው አንዳንዶች ሥራ ማቆማቸውን ሰምቶ ሊሠራ የማይወድ አይብላ እስከማለት ደረሰ። ራሱም በሰው ላይ እንዳይከብድ ሌሊትና ቀን እሠራ ነበር ይላል። እነዚህ መልእክቶች የተጻፉት ጳውሎስ ቆሮንቶስ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። በዚያች ከተማ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ስለ መለከትና ስለ ትንሣኤ የጻፈ እጅ ቀን ላይ መርፌ የያዘ እጅ ነው።

ስለዚህ ከባለቤትሽ ጋር የምትጀምሪው ወሬ ስለ ብር አይሁን። ስለ ወንድሙ ይሁን። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፍዪና አጠገቡ ተቀመጪ። «ወንድምህን ታስበዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ዝም በይ። ቢያለቅስ አትከልክዪው። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፍስሷል። ትንሣኤን የሚያምን ሰው አያለቅስም ያለ የለም። ቢቆጣ ወይም ተነሥቶ ቢሄድ በሌላ ቀን ደግሞ ሞክሪ። አንድ ምሽት ላይ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን የምትሠሪው ነገር አለ። «ሰማይ ቤት ተከራይልን» ያልሽውን ይቅርታ ጠይቂበት። ተናደሽ ነው፣ ይገባኛል። የእናት መድኃኒት ሲነካ ማን አይናደድም? ነገር ግን ወንድሙ ሄዷል ብሎ የሚያምንበትን ቦታ ነው ያፌዝሽበት። ይሄ ቁስል ላይ ነው ያረፈው። «ስለ መድኃኒቱ ያልኩት ልክ ነው፤ ስለ ሰማይ ያልኩት ግን ልክ አልነበረም» ብትዪው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ የባንክ ዕዳውና ሴራሚኩ አንድ ላይ ነው የመጡት። እኔ ግን ነጥዬ ነው የማያቸው። የባንኩ ክፍያ የሰው ገንዘብ ነው፤ ቃል የገባችሁበት ነው፤ መክፈል የእምነት ግዴታ ነው። ጂፕሰሙና ሴራሚኩ ከጓደኞችሽ ሳሎን የመጣ ሐሳብ ነው። ሉቃስ 12 ላይ ያለው ያ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ጎተራ ልሥራ ያለ ሀብታም በዚያች ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ሰማይን ማመን ለባለቤትሽ «ሥራህን ሥራ» ካለው፣ ላንቺ ደግሞ «ባዶ ግድግዳ ውስጥ መኖር ውርደት አይደለም» ይልሻል። ልጆችሽ በልስን ግድግዳ መካከል ሰላም ካላቸው ቤቱ አልጎደለም። ይሄን ፍላጎት ካንቺ በኩል ብታወርጂው ባለቤትሽም ካንቺ ጋር ለመነጋገር ልቡ ይከፈታል። አሁን እሱ ሰማይን ይዞ፣ አንቺ ሴራሚክን ይዘሽ እንደምትከራከሩ አድርጎ ሳያስብ አይቀርም። የመድኃኒቱ ነገር በዚህ መሐል ጠፋ።

ገንዘቡን በተመለከተ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ የኔ ምክር አያሻሽም ነበር። ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። አሥራቱን አትንኪበት። ካገኘው ላይ ከአሥር አንዱን መስጠቱ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ቤትም አያፈርስም። እንዲያውም ወር በገባ ቁጥር ራስሽ ለይተሽ በፖስታ አድርገሽ ስጪው። እንደምትደግፊው ያያል። በዚያው ቀን ሁለተኛ ፖስታ ለእናትሽ መድኃኒት፣ ሦስተኛ ለባንኩ፣ አራተኛ ለልጆች ትምህርት ቤት ይውጣ። የወጣቶቹ ክፍያ ከጋራዡ ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚህ የሚተርፈው ለአስቤዛና ለቤት ነው። ከአሥራት በላይ የሚሰጥ ስለት ወይም የማሠሪያ ገንዘብ ካለ ግን ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ይሁን። አንዳችሁ ብቻችሁን ስለት አትሳሉ። እስካሁን ተስሎ ያልከፈለው ካለ በግድ ተወው አትበይው፤ ስለት ለሱ ከባድ ነገር ነው። የንስሐ አባታችሁ መንገድ ያሳዩታል።

ወደ ንስሐ አባታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ብቻሽን ሄደሽ ክስ አታቅርቢ። «አባ፣ ቤታችንን በሃይማኖት መምራት ፈልገን ቅደም ተከተሉ ጠፋብን» በሉ። እንዲህ ከተባለ ባለቤትሽ እንደተከሰሰ አይሰማውም። ስለ ገዳሙም እዚያው ይነሣ። ባለትዳር ሰው ተነሥቶ ብቻውን ወስኖ የሚመንን አይደለም። ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ለጊዜው የሚለያዩት ተስማምተው ይሁን ነው ያለው። ለልጃችሁ ግን አንቺ አትመልሺላት። አባቷ ይመልስላት። «ልጅህ ገዳም ትገባለህ ብላ ፈርታለች» ብለሽ ንገሪውና ሁለቱን ብቻቸውን ተያቸው። የ9 ዓመት ልጅ አባቷ እሷን መውደዱ ከእግዚአብሔር ፍቅር ጋር እንደማይጣላ ከራሱ አፍ መስማት ይገባታል። ሰማይን አባቷን የሚወስድባት ቦታ አድርጋ ካደገች ነገ ቤተ ክርስቲያንን ራሷን ትፈራለች። ከሁሉም ነገር ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በንቃት ተከታተዪ። እንቅልፍ ካጣ፣ መብል ከጾም ውጭ እየተወ ሰውነቱ ካለቀ፣ ወይም «ወንድሜ ጋ በሄድኩ» የሚል ነገር ከተናገረ አትጠብቂ። ሐኪም ይየው። ጸበል እየጠጣ ሐኪም ማየት ይችላል፤ አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። «ጸበሉ ይበቃኛል» ካለሽ ይሄንን አንብቢለት።

የባንኩን ነገር ነገ ዛሬ አትበሉ። ሦስተኛው ወር ሳይደርስ አብራችሁ ቅርንጫፉ ሂዱና ያለፈውን በስንት ጊዜ ከፋፍላችሁ እንደምትከፍሉ ጠይቁ። እሱም አብሮሽ ይሂድ፤ ወረቀቱ ላይ የሁለታችሁም እጅ ይኑርበት። የዚህን ወር መድኃኒት ግን ዛሬውኑ ግዢ፤ ካነሰሽ ከእቁብ ወይም ከእኅት ወንድሞችሽ ተበደሪ። የስኳር መድኃኒት ባልና ሚስት እስኪታረቁ አይጠብቅም።